ያልበቀለው የአባቴ ማሽላ

ሊድስ፣ እንግሊዝ
ማርች 9 ቀን 1992

ለክብርት አክስቴ ለማይዴዪ፣

እርስዎ በደህና ውለው አድረው ከሆነ እኔም ውዬ አድሬያለሁ። የአያቶቻችን ጥላ ከደጅዎ አይራቅ። የጉልበትዎስ ሕመም ቀለል አለልዎ? እዚህ ብርዱ ገና አልለቀቀንም። በዚህ ሳምንት ፀሐይ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም በአውቶብስ መስኮት።

የድርቁን ወሬ በራዲዮ ሰማሁ። ባለፈው ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ፣ የጎረቤት ፍየል አጥር ጥሳ እንደገባች ከጻፉት በታች፣ እንዲህ ብለው ነበር፦ «በቆሎው አለቀለት። የአባትሽ ቀይ ማሽላ ግን ቅጠሉን ጠቅልሎ ቁጭ ብሏል።» አክስቴ፣ ይህቺን አንዲት መስመር ሃያ ጊዜ አነበብኳት። ቁጭ ብሏል ማለት ምን ማለት ነው? አሁንም አረንጓዴ ነው? በቀትር ጫፉ ይቃጠላል? ወደ ማታ ቅጠሉን መልሶ ይዘረጋል? ከደረቀው በቆሎ ምን ያህል ይርቃል? አፈሩስ አንድ ነው? ፍሬ የሚያፈራ ይመስልዎታል?

የስድስት ዓመት ትምህርቴ እዚህ ላይ መጥቶ ቆሟል። አማካሪዬ ዶክተር ሃርግሪቭ «ግምትሽ ጥሩ ነው፤ ማስረጃ ግን የለሽም» ይሉኛል። በየሳምንቱ፣ በዚያው ድምፅ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ። ማስረጃው የአባቴ እርሻ ላይ ቆሟል።

ሁለት መቶ ፍሬ ዘር ብቻ ይላኩልኝ። እዚህ መብራቱም ሙቀቱም እንደፈለጉት የሚታዘዝ የዕፅዋት ማሳደጊያ ክፍል አለ፤ ከጁን እስከ ኦክቶበር ተራው የኔ ነው። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ የትምህርት ዕድሌም በዲሴምበር ያበቃል። ማኅተም ያለበት የማስገቢያ ፈቃድ አብሬ ልኬያለሁ፤ እሽጉ ላይ ይለጥፉልኝ።

አክባሪዎ፣
ሙቻኔታ


ኒያማሶ፣ ቡሄራ
ኤፕሪል 4 ቀን 1992

ለወንድሜ ልጅ ለሙቻኔታ፣

አንቺ በሰላም ከዋልሽ እኛም ውለናል፤ እንዴት እንደዋልን ግን አትጠይቂ። የአባቶችሽ መንፈስ ከቅዝቃዜው ይጠብቅሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ከዚያም ቆጠርኩት። ስለ ጉልበቴ አንድ ጥያቄ። ስለ ማሽላው ሰባት። ስለ አባትሽ አንድም የለም።

ከጃንዋሪ ወዲህ መሬት የሚያርስ ዝናብ አላየንም። መንግሥት ከባሕር ማዶ የመጣ ቢጫ በቆሎ ያድለናል። ከሱ ዱቄት የምናገነፋው ሳድዛ ከአፍ ሲገባ እንጨት እንጨት ይላል። ዝቮሙያ «ይሄ የዶሮ መኖ ነው» ብሎ በእናቱ መቃብር ይምላል፣ ከዚያ ሦስቴ ያስጨምራል።

ዝቮሙያን መቼም አልረሳሽውም፤ የአባትሽ ሳህዊራ ነው። በገዛ እጁ የቀበረው፣ አፈር እያለበሰው እየቀለደ ለቀስተኛውን ያሳቀው፣ ማንንም ቢሰድብ የማንቆጣው የቤታችን ወዳጅ። ደብዳቤሽን ከሱቅ የሚያመጣልኝ እሱ ነው፤ ጮክ ብዬ ካላነበብኩለት ደግሞ ከበሩ አይነሳም። ሲሰማ ምን አለ መሰለሽ? «ስድስት ዓመት ቅጠል ስታይ? የኔ ፍየል ብትሆን በአንድ ጠዋት ጨርሳው ትመረቅ ነበር!»

ማሽላው አዎ፣ አረንጓዴ ነው። በቀትር እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይዘረጋል። ከሞተው በቆሎ ሰባት እርምጃ ይርቃል፣ አፈሩም ያው ነው። ሁለት ቅርጫት ፍሬ ሰጠን፤ የአባትሽ ጎተራ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ውኃ ስንቀዳ ሴቶቹ «ያቺ ልጅሽ እንግሊዝ ምን ትሠራለች?» ይሉኛል። «ታያለች» እላለሁ። «ምን?» «ቅጠል።» ከዚያ እንስራቸውን ያነሳሉ፣ እኔም እንስራዬን አነሳለሁ። እስቲ ምን እንደምትፈልጊ በሚገባኝ ቋንቋ ንገሪኝ።

ሌላው። አባትሽ ካረፈ በጁላይ ዓመት ይሞላዋል። ዓመቱን ሙሉ ጫካ ለጫካ ሲንከራተት የቆየውን መንፈሱን ጠላ ጠምቀን ወደ ቤቱ የምንጠራበት ጊዜ ደርሷል። ከአንቺ ሌላ ልጅ የለውም። በዚያ ቀን ማን መቆም እንዳለበት ታውቂያለሽ።

አክስትሽ፣
ማይዴዪ


ሊድስ
ኤፕሪል 27 ቀን 1992

ለክብርት አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከደጅዎ ይድረስ፤ ሰማዩም ይታረቅዎ። ለጋሽ ዝቮሙያ ፍየላቸውን ይላኩልኝ ይበሏቸው። ከዶክተር ሃርግሪቭ የተሻለ አማካሪ ትሆነኝ ይሆናል።

እሺ፣ ልንገርዎ። ቅጠል ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ጣቢያዎች አሉ። የመጀመሪያው ጣቢያ በብርሃን ጉልበት ከውኃ ላይ ኤሌክትሮን የምትባል እጅግ ትንሽ ነገር ይነጥቃል። ኤሌክትሮኗ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈች ወደ ሁለተኛው ጣቢያ ትሄዳለች። በመንገዷ ላይ እንደ ውኃ ቀጂ ናት፤ ባለፈች ቁጥር አንድ ጋን ይሞላል፤ ከጋኑ የሚወርደው ደግሞ ወፍጮ ያዞራል። የወፍጮው ዱቄት የቅጠሉ ጉልበት ነው። ሁለተኛው ጣቢያ እንደገና በብርሃን ገፍቶ ወደ ማድቤቱ ይልካታል፤ እዚያ ከአየር ጋር ስኳር ይሠራባታል። እሷ አትመለስም። በሷ ቦታ ከውኃ ሌላ ትነጠቃለች።

በድርቅ ጊዜ ቅጠሉ ውኃው እንዳያልቅበት አፉን ይዘጋል። አየር አይገባም፣ ስለዚህ ማድቤቱ ሥራ ይፈታል። ፀሐይዋ ግን «ድርቅ ነው» ብላ አትቆምም። ኤሌክትሮኖቹ መሄጃ አጥተው ይከማቻሉ፤ ቅጠሉን ከውስጥ የሚያቃጥለው ይሄ ነው። በቆሎውን የገደለው ይሄ ይመስለኛል።

ግን ሌላ መንገድ አለ። ሁለተኛው ጣቢያ ኤሌክትሮኗን ወደ ማድቤት ከመላክ ይልቅ ወደ ኋላ ይመልሳታል። ያንኑ ጋን ሞልታ ወደ ተነሳችበት ጣቢያ ትመጣለች፣ እንደገና ትገፋለች፣ እንደገና ትዞራለች። ከውኃ አዲስ መንጠቅ አያስፈልግም። ስኳር የለም፤ ወፍጮው ግን ይዞራል። ጋኑ ጢም ሲል ደግሞ የመጀመሪያው ጣቢያ የተረፈውን ብርሃን በሙቀት መልክ ወደ ውጭ እንዲጥል ምልክት ይሆነዋል፤ ቅጠሉ አይቃጠልም። ብዙ ሊቃውንት ይህ ዙር በብልቃጥ ውስጥ እንጂ በሕያው ቅጠል እምብዛም የለም ሲሉ ኖረዋል። ማሽላ ግን በደህናውም ጊዜ በቅጠሉ የውኃ ሥሮች ዙሪያ ባሉት ክፍሎች ይጠቀምበታል። የአባቴ ማሽላ ደግሞ በድርቅ ከሌላው ማሽላ አብልጦ የሚያዞር ይመስለኛል። ይመስለኛል! ስድስት ዓመት «ይመስለኛል» ስል ከረምኩ። ዘሩን ይላኩልኝ አክስቴ፣ እባክዎ። ጁን ሩቅ አይደለም።

ስለ ሥርዓቱ በሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ሙቻኔታ


ኒያማሶ
ሜይ 21 ቀን 1992

ለሙቻኔታ፣

ሰላምታሽ ደርሶናል። አንቺ ካለሽ እኛም አለን።

ልጄ ስሚኝ፣ ገባኝ። ለዝቮሙያም አስረዳሁት። ደቦ ላይ የጠላው ቅል ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ወደ ባለቤቱ ይመለስ የለ? ሰው እስካረሰ ድረስ ቅሉ ይዞራል። ዝቮሙያ ራሱን ሲነቀንቅ ቆይቶ «እና ያቺ ኤሌክትሮን ወጥታ ዞራ ወደ ቤቷ ትመለሳለች?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «እንግዲያው ከሙቻኔታ ትሻላለች» አለ። አልተቆጣሁትም። አልሳቅሁምም።

ከአባትሽ ማሽላ ድርሻሽን በጨርቅ አስሬ ልኬልሻለሁ። ሳምንት ሙሉ ደክሜበታለሁ፤ እጄ እስኪላጥ አሽቼ አጽድቼዋለሁ። ወረቀትሽንም ለጥፌበታለሁ፤ ዝቮሙያ ለትምባሆ መጠቅለያ ሊወስደው ሲል ከእጁ ነው የነጠቅኩት። ምን እንደምታደርጊበት መቼም አይነገርሽም።

«በሌላ ደብዳቤ» ያልሽውን እየጠበቅሁ ነው።

ማይዴዪ


ሊድስ
ጁላይ 1 ቀን 1992

ለአክስቴ ለማይዴዪ፣

ጤና ይስጥልኝ። ረጅም ሰላምታ ለመጻፍ አቅም የለኝም፣ ይቅርታዎን።

አንድም አልበቀለም። ሁለት መቶ ፍሬ አንድ በአንድ ቆጥሬ፣ ውኃ ውስጥ አሳድሬ፣ በሃያ ማሰሮ አሥር አሥር አድርጌ ዘራሁት። ሙቀቱን የቡሄራን ኖቬምበር አስመሰልኩት። በአራተኛው ቀን ምንም። በሰባተኛው ቀን ምንም። በአሥረኛው ቀን በጣቴ ቆፍሬ አወጣሁት፤ ልፍስፍስ ብሎ ሻግቷል። የምን እንደሆነ ያጣሁት ጣፋጭ ሽታ ነበረው፤ የማውቀው ሽታ ነው፣ በንዴት ማስታወስ አቃተኝ እንጂ።

ምን አደረጉት አክስቴ? ጭስ ላይ ሰቀሉት? ቆሉት? ነቀዝ እንዳይበላው ብለው አመድና መድኃኒት ነሰነሱበት? ዶክተር ሃርግሪቭ ማሰሮዎቹን አዩና «ምናልባት ሌላ ርዕስ...» አሉ። ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አልጨረሱትም። በጁላይ መጨረሻ የበቀለ ነገር ካላሳየሁ ክፍሉ ስፒናች ለሚያጠናው ልጅ ይሰጣል። ስፒናች! ገበያ ሞልቶ ለተረፈ ነገር!

ከእርስዎ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ። ሌላ ዘር ይላኩልኝ፣ ምንም ሳይነኩት፣ ከጎተራው እንደወጣ፣ በፍጥነት።

ሙቻኔታ


ኒያማሶ
ጁላይ 16 ቀን 1992

ለሙቻኔታ፣

ውለሻል ወይ? እኛ በሳቅም በብስጭትም ውለናል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ዝቮሙያ ከተቀመጠበት ሙቀጫ ላይ ወደቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀና «ይቺ ልጅ የቀቀለችውን እንቁላል ዶሮ ሥር አስታቅፋ ጫጩት ትጠብቃለች!» አለ። እኔ ግን ሳቄ ቶሎ አለቀ።

ብቅል ነው የላክሁልሽ። ብቅል! አርጥቤ፣ አፍኜ፣ አብቅዬ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ቡቃያውን በመዳፌ አሽቼ ያራገፍኩት ብቅል። አንድ ጊዜ በቅሎ የደረቀ እህል እንደገና አይበቅልም፤ ይሄንን ለመማር እንግሊዝ አይኬድም። ያ ጣፋጭ ሽታ እናትሽ ጠላ ስትጠምቅ ጋኑ ላይ ተደፍተሽ የምትልሺው ብቅል ሽታ ነው። ቅጠል የምታነብ ልጅ ብቅል ከዘር መለየት ያቅታታል?

ለምን ብቅል እንደላክሁ ደግሞ ልንገርሽ፤ በግልጽ ካልተነገረሽ አይገባሽም አንቺ። አባትሽ ተጠርቶ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ንብረቱ አይከፋፈልም። ከጎተራው ለሥርዓቱ ካልሆነ በቀር አንዲት ፍሬ አትወጣም። ለጠላው ደግሞ ልጅ የተባለ ሁሉ ብቅሉን ይዞ ይመጣል። አንቺ ከሩቅ ስለሆንሽ ድርሻሽን እኔ አዘጋጅቼ ላክሁልሽ። «ይዘሽው ነይ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ? በእኛ ቤት ልጅ ለአባቷ ሥርዓት ነይ ተብላ አትለመንም።

አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። ለቀብሩ አልመጣሽም። ቴሌግራም ላክን፣ ሬሳውን ሁለት ቀን አቆየን፣ አልመጣሽም፣ መልስም የለም። ከወር በኋላ የጻፍሽው ደብዳቤ ስለ ዝናብ ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅሁሽም። የቺሄራ ጎሣ ሴቶች ነን፤ አንቺም እኔም ከምንናገር ጥርሳችን ቢወልቅ እንመርጣለን። ዓመት ሙሉ አንቺ ስለ ቅጠል እኔ ስለ ፍየል ስንጻጻፍ ከረምን።

ያስረዳሽኝን ሌሊት ሳስበው አደርኩ። ቅጠሉ አፉን ዘግቶ ያለችውን ሲያዞር አይሞትም አልሽ፤ ግን ስኳርም የለም፣ አያድግም። ዝናብ እስኪመጣ መቆያ ነው። እኔና አንቺም እንደዚያው ነን። እኔ ግን ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው ሙቻኔታ፤ ብዙ የምቆይበት ጉልበት የለኝም። አባትሽ «ሙቻኔታ» ብሎ ስም ሲያወጣልሽ ለሐሜተኛ ጎረቤቶቹ ነበር «ትደክማላችሁ» ያላቸው። የደከምኩት እኔ ሆንኩ።

ሥርዓቱ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 5 ነው። ጠላው ሰባት ቀን ስለሚፈልግ ኦገስት 29 ይጠመቃል። ኖቬምበር ሥርዓት የማይደረግበት ወር ነው፣ ከዚያ የእርሻ ጊዜ ይገባል። አሁን ካለፈ አባትሽ ሌላ ዓመት ውጭ ያድራል። ዘሩን ከሥርዓቱ በኋላ የማከፋፍለው እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያው እፍኝ ያንቺ ነው። በመዳፍሽ እሰጥሻለሁ። በፖስታ አልልክም።

ማይዴዪ


ሊድስ
ኦገስት 3 ቀን 1992

ለክብርት አክስቴ፣ ለሴቷ አባቴ፣

ደብዳቤዎ ዓርብ ደረሰኝ። አንብቤው ወደ ሥራ ክፍሌ ገባሁና የተረፈውን ብቅል ፈትቼ አሸተትኩት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በራሴ ነው ያፈርኩት፤ የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ!

የቴሌግራሙን ነገር ልንገርዎ። በሰዓቱ ደርሶ ነበር። በታችኛው ፎቅ ስሜ በተጻፈበት የደብዳቤ ሳጥን ውስጥ አራት ቀን ተቀምጧል። እኔ በነዚያ አራት ቀናት ላይኛው ፎቅ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ቅጠል ላይ ብርሃን እያበራሁ እያጠፋሁ፣ ያቺ ኤሌክትሮን ትመለስ አትመለስ ስለካ ነበር። ደረጃውን አንድ ጊዜ እንኳ አልወረድኩም። ሳነበው አባቴ ተቀብሯል። እንዲህ ብሎ ለማን ይጻፋል? ስለ ዝናብ ጻፍኩ።

ዛሬ ጠዋት ዶክተር ሃርግሪቭ ጋ ሄጄ እሄዳለሁ አልኳቸው። «መቼ ትመለሻለሽ?» አሉኝ። «ማሽላው ሲደርስ» አልኩ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ክፍሉ አይጠብቅሽም አሉኝ፣ የትምህርት ዕድሉም እንደዚሁ። አውቃለሁ አልኳቸው። ስፒናቹ ከሰዓት በኋላ ገባ፤ ማሰሮዎቼን ራሴ አወጣሁለት። የተናደድኩ አይምሰልዎ ብዬ ልዋሽዎ አልችልም፤ የስድስት ዓመት ድካሜ ነው፣ ተናድጃለሁ። እፍኟን ዘር በኖቬምበር የአባቴ እርሻ ላይ እዘራታለሁ። መለኪያ የለኝም። ዓይን ግን አለኝ፣ ለሴቶቹም «ታያለች» ብለው ይንገሯቸው።

ሐሙስ ኦገስት 27 ሃራሬ እገባለሁ፤ ዓርብ በቡሄራ አውቶብስ እመጣለሁ። ለጋሽ ዝቮሙያ ስድባቸውን እስከዚያ እንዲያጠራቅሙ ይንገሯቸው። መንገዱ ክፉ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አውቶብሱም ይበላሻል፤ ብዘገይ ቅዳሜ ጠዋት ጋኑን አጥበው ይጠብቁኝ እንጂ እንዳይጀምሩ።

ብቅሉ እኔ ጋ ነው።

ልጅዎ፣
ሙቻኔታ